አውራ ዶሮ ያለበት የከሰል ካውያ፣ ከሶሎ ገበያ

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ግቢ ወይም ሰፊ በረንዳ ያላችሁ፣ የጥጥ ልብስም የምትወዱ ሰዎች ግዙት። አንዲት መስኮት ባላት ጠባብ ክፍል የምትኖሩ ግን ለመደርደሪያ ጌጥ ካልሆነ ተዉት። ምክንያቱን ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

ዕቃው የከሰል ካውያ ነው። የገዛሁት ኢንዶኔዥያ ውስጥ፣ ጃቫ ደሴት ላይ፣ ሶሎ ከተማ ነው። ካርታ ላይ ሱራካርታ ተብላ ታገኟታላችሁ፤ አገሬው ግን ሶሎ ነው የሚላት። የባቲክ፣ ማለት በሰም እየተሳለ ቀለም የሚነከር ጨርቅ፣ ከተማ ናት። እኔም እዚህ ያለሁት ስለ ጨርቃ ጨርቅ ልማር ነው። ቀኑን ሙሉ ጨርቅ ከእጄ ስለማይጠፋ፣ ልብስ በምን እንደሚተኮስና ከተተኮሰ በኋላ ምን እንደሚመስል ለኔ ትልቅ ቁም ነገር ነው።

ካውያው ከናስ የተሠራ ነው። ሆዱ ባዶ ነው፤ ፍሙ የሚገባው እዚያ ነው። ክዳኑ ከኋላ በማጠፊያ ተይዟል፤ የሚከፈተው ከፊት በኩል ነው። በግራና በቀኝ ጎኑ፣ ወደ ታች ጠጋ ብሎ፣ ተርታ ቀዳዳዎች አሉት። እሳቱ የሚተነፍሰው በነሱ ነው። የፊቱ ጫፍ እንደ ጀልባ አፍንጫ ሹል ስለሆነ ኮሌታ ሥርና በቁልፎች መካከል በደንብ ይገባል። እጀታው እንጨት ነው። ክዳኑ ከሆዱ ጋር በሚገጥምበት በፊቱ ጫፍ ላይ ደግሞ አንድ ትንሽ አውራ ዶሮ ቆሟል።

ስለ ዶሮው ትንሽ ልቆይ። ጌጥ ብቻ አይደለም፤ መቀርቀሪያው ራሱ ነው። ዶሮውን ስታነሱት ክዳኑ ይለቃል፣ መልሳችሁ ስታስተኙት ይቆለፋል። የኔው ዶሮ ክንፉና ኩክኒው በደንብ ተለይቶ ይታያል። ጭራው ግን ልሙጥ ሆኗል። የላባው መስመር ከእጅ ብዛት ጠፍቷል፤ ብዙ ሰው በአውራ ጣቱ እዚያ ላይ ይዞ ሲያነሳው እንደኖረ ያስታውቃል። ከዕቃው ሁሉ አብልጬ የወደድኩት ያንን ቦታ ነው። እዚህ አገር ይሄን ዓይነቱን ካውያ "ሰትሪካ አያም ጃጎ" ይሉታል። አያም ጃጎ አውራ ዶሮ ነው። ሰትሪካ ደግሞ ካውያ። ወደዚህ ስም እመለሳለሁ፤ ብዙ ወሬ አለው።

የተገዛበት ቦታ ትሪዊንዱ የሚባል የአሮጌ ዕቃ ገበያ ነው። የማንኩነጋራን ቤተ መንግሥት አጠገብ ነው፤ በእግር ይደረሳል። ስሙ "ሦስት ዊንዱ" ማለት ነው። ዊንዱ በጃቫ አቆጣጠር የስምንት ዓመት ዙር ነው፤ ሦስቱ ሃያ አራት ዓመት ይሆናል። ገበያው በ1939 እንደ ፈረንጆቹ የተቋቋመው ማንኩነጋራ ሰባተኛ የተባሉት ልዑል የነገሡበት ሃያ አራተኛ ዓመት ሲከበር ነው። ዛሬ ፎቅ ያለው ቤት ሆኗል። ውስጡ የአሮጌ ፋኖስ፣ ዋያንግ የሚባለው የጃቫ ቴአትር አሻንጉሊት፣ የጭንብል፣ የድሮ ሬዲዮ፣ ባቲክ የሚታተምበት የመዳብ ማኅተም፣ የድሮ ሳንቲም መዓት ነው። ካውያ ብቻውን መደዳ ይዞ የተቀመጠበት ሱቅም አለ።

ገበያውን እንደ ገበያ ከመዘንኩት፣ ለሰው አክብሮት አለው። እጅ የሚጎትት የለም። ሻጮቹ በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ ዕቃውን አንስታችሁ ስታዩ ዝም ብለው ይጠብቃሉ። ከጠየቃችሁ ግን ወሬው ረጅም ነው። እኔ የገዛሁባቸውን ሰውዬ "ፓክ" ብዬ ነው የማናግራቸው፤ እኛ "አባባ" እንደምንለው መሆኑ ነው። እሳቸውም "ምባ" ይሉኛል፣ እህት እንደማለት።

"ፓክ፣ ይሄ ስንት ነው?"

"አራት መቶ ሺህ፣ ምባ።"

"ቦሌህ ኩራንግ?" አልኳቸው። ይቀንሳል ወይ ማለት ነው።

ሳቅ ብለው ካውያውን ገለበጡትና የማጠፊያውን ዘንግ አሳዩኝ። ይነቃነቃል። "ይሄ ስላለበት ቀንሼልሻለሁ፣ ወስደሽ አስጠብቂው" አሉ። በሁለት መቶ ሰባ አምስት ሺህ ሩፒያ ተስማማን። ጉድለቱን ራሳቸው ማሳየታቸው ዋጋውን ከመቀነሳቸው በላይ ደስ አሰኝቶኛል። ዘንጉን ሰፈሬ ያለ ሞተር ሳይክል ጠጋኝ በትንሽ ገንዘብ አጠበቀልኝ። ጥገና ቤቱን እዚህ "ቤንግከል" ይሉታል። ቃሉ ከሆላንድኛ የመጣ ነው።

እናንተም ልትገዙ ከሆነ የምታዩትን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ሥሩን እዩ። ካውያውን መስታወት ወይም ሊሾ ላይ አስቀምጡትና በጣታችሁ ማዕዘኑን ተጫኑት። ከተወዛወዘ ሥሩ ተጣሟል ማለት ነው፤ ልብስ ላይ መስመር ይተዋል። ጥሩ ሥር ቁጭ ይላል። ቀጥሎ ክዳኑን ዝጉና ወደ ብርሃን አዙሩት። ክዳኑና ሆዱ መካከል ሰፊ ክፍተት ካለ አመድ በዚያ ይወጣል። እጀታው ላይ ስንጥቅ ፈልጉ። እንጨቱ ከተሰነጠቀ ትኩሱ ብረት ከእጅ ጋር ይገናኛል።

አሮጌ ነው ተብሎ አዲስ የሚሸጥበት ጊዜም አለ፤ ይሄ በየትም አገር የአሮጌ ዕቃ ገበያ ያለ ነገር ነው። መካከለኛው ጃቫ ውስጥ ጁዋና የምትባል በናስ ሥራ የታወቀች ከተማ አለች፤ አዲስ የናስ ዕቃ እንደ ልብ ይሠራባታል። አዲሱ ካውያ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። የአሮጌ ዋጋ አትክፈሉበት ነው የምለው። መለያው ውስጡ ነው። በእርግጥ የሠራ ካውያ ጥቀርሻው ማዕዘኖቹ ውስጥ ጠልቆ ገብቷል፣ በጥፍር ብትፍቁትም ቶሎ አይለቅም፤ የቀዳዳዎቹ ጠርዝም ተበልቶ ለስልሷል። አዲሱ ላይ የሞረድ ጭረት ይታያል፤ ጥቁረቱም ከላይ እንደተቀባ አንድ ዓይነት ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ከሰሉ ላይ አትሰስቱ። እዚህ የኮኮናት ቅርፊት ከሰል አለ፤ ሳቴ፣ በእንጨት የተሰካ ሥጋ፣ ጠባሾች የሚጠቀሙበት ነው። ጠንካራ ነው፣ ብዙ አያጨስም፣ እንደ እንጨት ከሰል አይፈነጥቅም። ብልጭታ የሚፈነጥቅ ከሰል ነጭ ልብስ አጠገብ ምን እንደሚያደርግ መንገር አያስፈልገኝም። ከሰሉን ካውያው ውስጥ አታቀጣጥሉት። ማንደጃ ላይ አንዱት። የጃቫ ሰዎች ከሸክላ የተሠራ "አንግሎ" የሚሉት ማንደጃ አላቸው፤ እኛ ፈርኔሎ የምንለውን ሥራ ይሠራል። ጭሱ አልቆ ፍሙ ሲቀላ፣ አመዱን አራግፋችሁ በመቆንጠጫ ወደ ሆዱ ጨምሩ። ሙሉ አድርጋችሁ አትጠቅጥቁት፤ እሳቱ አየር ይፈልጋል። ክዳኑን ዝጉና ካውያውን ብረት ማስቀመጫው ላይ ትንሽ አቆዩት።

ሙቀት መቆጣጠሪያ የለውም። መቆጣጠሪያው እናንተ ናችሁ። ሲቀዘቅዝ እጀታውን ይዛችሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስታወዛውዙት አየር በቀዳዳዎቹ ገብቶ ፍሙን ያቀላዋል። ሲበዛ ክዳኑን ከፍታችሁ ታቆዩታላችሁ። መሞከሪያው እርጥብ እራፊ ጨርቅ ነው። አንዴ ስታሳልፉበት "ጭስ" ብሎ ወዲያው ከደረቀ ለጥጥ ደርሷል። እራፊው ከጠየመ ግለቱ በዝቷል፤ ክዳኑን ከፍታችሁ አቆዩት።

እንግዲህ ውጤቱ። መጀመሪያ የተኮስኩበት የባቲክ ሸሚዝ ነው። የሶሎ ባቲክ ቡናማና ጥቁር ቡኒ ይበዛበታል፤ "ሶጋን" ይሉታል። ገልብጬ በጀርባው ነው የተኮስኩት፤ እዚህ እንዲህ ነው የሚደረገው፣ ቀለሙን ለመጠበቅ። ካውያው በሚዛን ከሦስት ኪሎ በላይ ነው። ያ ክብደት ነው ሥራውን የሚሠራው። እጄን መጫን አላስፈለገኝም። ክብደት የሌለውን የኤሌክትሪክ ካውያዬን ይዤ ደጋግሜ የማልፍበት የኪስ ስፌት በአንድ ጉዞ ተኛ። የጥጡ ፊት የተለየ ልስላሴና ድርቀት ይዞ ቀረ። ከታጠፈ በኋላም እጥፋቱ ስለት እንዳለው ነው የቆየው።

ቀጥሎ ነጠላ። ከአገር ቤት ያመጣሁት ነው፤ ጥበቡ ላይ ወርቅ ዘቦ አለው። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ዘቦው ላይ ቀጥታ አይኬድም። ጥበቡን ገልብጣችሁ፣ በላዩ ንጹሕ ቀጭን ጨርቅ አንጥፋችሁ፣ ፍሙ በረድ ሲል በጨርቁ ላይ ታሳልፋላችሁ። መሃሉን ነጩን ሸማ ግን እርጥብ እያለ ነው መተኮስ። ትኩሱ ናስ እርጥብ ሸማ ላይ ሲሄድ የሚወጣው ሽታ፣ የከሰል ካውያ ባለበት ቤት ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሸማው ቀጥ ብሎ ወጣ። ጠርዙም አልተሳበም።

አንዴ በጎን ቀዳዳ በኩል ትንሽዬ ነጭ አመድ ብን ብላ ሸማው ላይ አረፈች። በእጅ ብጠርጋት ትፈጫለች፣ ግራጫ መስመር ትተዋለች። ጨርቁን በሁለት ጫፉ አንስቼ አራገፍኩት፣ በረረች። አመዱ እንዳይበዛ ካውያውን በፍጥነት ወደ ጎን አታዙሩት። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብቻ።

ፖሊስተር አይሞከርም። ይቀልጣል። በዚህ ላይ ሌላ የምለው የለኝም።

እሺ፣ ስሙ። ሻጩ "ሰትሪካ" ሲሉ የጃቫ ሰዎች አፍ ላይ ብዙ ጊዜ "ሰትሊካ" ይሆናል። ጃቫ ምዕራብ ያሉት ሱንዳዎች "ኢስትሪካ" ይላሉ። ማሌዥያ ስትሻገሩ "ሰተሪካ" ነው። ሁሉም ከሆላንድኛ የመጣ ነው፦ "ስትራይክአይዘር"። የፊተኛው ቃል ማሸት፣ መዳበስ፣ መተኮስ ነው፤ የኋለኛው ብረት። እነሱ የማሸቱን ወስደው ብረቱን ጣሉት። ሆላንዶች እዚህ የመጀመሪያ መርከቦቻቸውን ያሳረፉት በ1596 ነው፤ ከዚያ በኋላ ለመቶዎች ዓመታት አልሄዱም። ቤት ውስጥ ያለው ዕቃ ስሙ እስካሁን የነሱ ነው። ፎጣው "ሃንዱክ"፣ ምድጃው "ኮምፖር"፣ ባልዲው "ኤምበር"፣ ፍሪጁ "ኩልካስ"፣ ቧንቧው "ክራን"፤ ሁሉም የሆላንድ ነው። እኛስ መኪናውን፣ ባኞውን፣ ካልሲውን፣ ፉርኖውን ከጣሊያን አይደል የወሰድነው።

ማሌዥያን የገዙት እንግሊዞች ሆነው ሳለ ካውያው የሆላንድ ስም መያዙ ይገርም ይሆናል። ግን ማላካ ወደብን ሆላንዶች ከፖርቱጋሎች የነጠቋት በ1641 ነው፤ ለእንግሊዝ የተዉት በ1824 ውል ነው። የማላይ ቋንቋም ከባሕሩ ወዲህና ወዲያ አንድ ነው። ቃል ቪዛ አይጠይቅም። ዛሬ ማሌዥያ ውስጥ በተራ ንግግር ብዙ ሰው "ጎሶክ ባጁ" ይላል፣ ልብስ ማሸት እንደማለት። ዕቃውን ሲጠራ ግን ሰተሪካ ይላል።

ፎቶውን ዱባይ ላለችው ታላቅ እህቴ በኢሞ ላክሁላት። "አንቺ ልጅ፣ ይሄን ደግሞ ከየት አገኘሽው?" አለችኝ።

"ከገበያ፣ እትዬ። ለነጠላዬ ነው።"

አብራት የምትሠራ ፊሊፒናዊት አጠገቧ ነበረች። ስልኩን ወስዳ አየችና ጮኸች፦ "ፕላንቻንግ ደ ኡሊንግ!" ኡሊንግ ከሰል ነው። ፕላንቻ ካውያ። ይሄኛው የስፔን ቃል ነው፣ ጠፍጣፋ ሳህን፣ ዝርግ ነገር ማለት። ስፔን ፊሊፒንስን ከ1565 እስከ 1898 ገዝታለች። ልጅቷ አያቷ በዚህ ዓይነት ካውያ ሲተኩሱ አይታለች፤ አንድ ነገርም አስተማረችኝ። ሥሩን በሙዝ ቅጠል አሺው አለች። ሙቅ ካውያ የሙዝ ቅጠል ላይ ሲሄድ ቅጠሉ ላይ ያለው ሰም መሰል ነገር ሥሩን ያለሰልሰዋል፣ ልብሱ ላይም አይያዝም። እዚህ ግቢያችን ሙዝ ሞልቷል። ሞከርኩት፣ ይሠራል። ካውያው ከዚያ ወዲህ ጨርቅ ላይ ሲሄድ ይንሸራተታል። ለዚህ ምክር ብቻ ፎቶውን መላኬ ዋጋ ነበረው።

ሌላም ነገረችን። ፊሊፒንስ ውስጥ ልብስ የተኮሰ ሰው ወዲያው እጁን በቀዝቃዛ ውሃ አይታጠብም፤ "ፓስማ" ይይዘዋል ይላሉ። እህቴ ሳቀች። የኛ እናትም ተኩሰን ስንጨርስ ወደ ብርድ እንዳንወጣ፣ ውሃ እንዳንነካ ታዘን ነበርና።

እዚህ ላይ የሚደንቀኝ ነገር አለ። የጃቫ፣ የማላይ፣ የፊሊፒንስ፣ የማዳጋስካር፣ የሃዋይ፣ የኒውዚላንድ ማኦሪ ቋንቋዎች በዘር አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ኦስትሮኔዥያ ይባላል፣ ከሺህ በላይ ቋንቋ አለው። ማላይ አምስትን "ሊማ" ይላል። የፊሊፒንሱ ታጋሎግም "ሊማ"። ሃዋይም "ሊማ"። ማኦሪ "ሪማ"፣ ማዳጋስካር "ዲሚ"። በታንኳ ውቅያኖስ አቋርጠው ሲለያዩ ቁጥሩን ይዘውት ሄደዋል። ካውያ ግን ያኔ አልነበረም። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤት ስሙን በበሩ ከገባው እንግዳ ተቀበለ። ሃዋይ ውስጥ "ዐይአና" ነው፣ ቶንጋ ውስጥ "ሃኤአኔ"፣ ማኦሪዎች ዘንድ "ሃኤአና"። ሦስቱም እንግሊዝኛው "አይረን" ናቸው፣ ብረቱ።

እንግዲህ እዩት። አንዱ ማሸቱን ይዞ ሰየመው፣ አንዱ ዝርግ ሥሩን፣ አንዱ ብረቱን። እህቴ ያለችበት አገር ዓረቦች "መክዋ" ይሉታል፤ የሚያቃጥል፣ የሚተኩስ ማለት ነው፣ እነሱ ሙቀቱን ያዙ። የኛም መተኮስ ከትኩስ ጋር አንድ ሥር ነው። ካውያን ለመመዘን ደግሞ ከነዚህ ከአራቱ ሌላ መመዘኛ የለም፦ በደንብ ይዳብሳል ወይ፣ ሥሩ ዝርግ ነው ወይ፣ ብረቱ ከባድ ነው ወይ፣ ሙቀቱ ይቆያል ወይ። የኔው በሦስቱ ሙሉ ነው። በአራተኛው፣ በሙቀቱ፣ ልፋት አለው። ፍሙ እየከሰመ ስለሚሄድ ማንደጃው ላይ ሁልጊዜ ተጠባባቂ ፍም መኖር አለበት።

ልፋቱን ለመሸሽ ሌላ መንገድ አለ። ተማሪ የበዛበት ሰፈር ሁሉ "ላውንድሪ ኪሎአን" አለ፣ ልብስ በኪሎ ተመዝኖ የሚታጠብበት። ማስታወቂያው ላይ "ቹቺ ሰትሪካ" የሚል ካያችሁ ማጠብና መተኮስ ነው። በኪሎ ስድስትና ሰባት ሺህ ሩፒያ አካባቢ ይጠይቃሉ። በሁለት በሦስት ቀን ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ሽቶ ተረጭቶ፣ በፕላስቲክ ታሽጎ ይመጣል። ብዙዎቹ በጋዝ የሚፈላ የእንፋሎት ካውያ ነው ያላቸው፤ አንሶላና ቲሸርት ለመሰለው ነገር ግሩም አገልግሎት ነው፣ እኔም እጠቀማለሁ። ጥበብ ያለው ልብስ ግን አልሰጥም። አንዱ ቤት የሰጠሁት ቀሚስ ጥበቡ በፊቱ በኩል ተተኩሶ፣ ክሩ ተዳምጦ፣ ብልጭ ብልጭ እያለ ነው የተመለሰው። ክር የተነሳበት ሥራ ከተዳመጠ በኋላ አይመለስም። ሠራተኞቹ ጥበብ አይተው አያውቁም፤ በጀርባው ተኩሱልኝ ብሎ መጻፍም የብዙ ሰው ልብስ በአንድ ቅርጫት በሚሄድበት ቦታ ብዙ አይረዳም። ይሄ ካውያ ቤቴ የገባው ለዚያ ዓይነቱ ልብስ ነው።

ጉድለቱን ሳልደብቅ ልንገራችሁ። ይከብዳል፤ የእጅ አንጓ ሕመም ያለበት ሰው ብዙ አይተኩስበት። ዶሮው ይግላል፤ ያለ ጨርቅ አይነካም። እጀታውን የያዙት ብሎኖችም ይግላሉ፣ ጣት ወደዚያ እንዳይሄድ። አንድ ሸሚዝ ብቻ ለመተኮስ ከሰል ማቀጣጠል የማይረባ ድካም ነው፤ የሳምንቱን ልብስ አጠራቅሙ። ልጆች በሚሯሯጡበት ቤት ደግሞ ሲያልቅ ፍሙን የት እንደምታጠፉት አስቀድማችሁ አስቡ። እኔ ክዳን ባለው ሸክላ ውስጥ ነው የምገለብጠው።

ከሁሉም በላይ ግን አየሩ። ከፍም የሚወጣው መርዘኛ አየር አይታይም፣ አይሸትም፣ ይገድላል። አገራችን በክረምት ማንደጃ አስገብተው ዘግተው ተኝተው ስንት ሰው እንደቀረ የማያውቅ የለም። ካውያው ትንሽ ስለሆነ አትናቁት፤ ፍም ፍም ነው። በረንዳ ላይ፣ ግቢ ውስጥ፣ ዛፍ ሥር። ዝናብ ካለ የዚያን ቀን ይቅር። መጀመሪያ ላይ ጠባብ ክፍል ያላችሁ ተዉት ያልኩት ለዚህ ነው፤ በዚህ ነገር ላይ ድርድር የለም።

ወደ አገር ቤት ይዛችሁ የምትመጡ ከሆነ፣ ሻንጣ ውስጥ ክብደቱን አስቡ። አመዱን አራግፉ፣ ሆዱን በደረቅ ብሩሽ ጥረጉ፣ መቀርቀሪያውን በጨርቅ ጠቅልላችሁ በክር እሰሩ። ናሱ ከተወደደባችሁ ከብረት የተሠራ ርካሽ አለ፤ እዚያው ገበያ ሞልቷል። ሙቀት በደንብ ይይዛል። ግን ይዝጋል፣ ዝገቱም እርጥብ ነጭ ልብስ ላይ ቢጫ ያትማል። ለጂንስና ለወፍራም ጥቁር ጨርቅ ይሆናል። ነጠላና ጋቢ ለምትተኩሱ ናሱን ውሰዱ፤ ከሦስት መቶ ሺህ ሩፒያ በታች ካገኛችሁት ጥሩ ዋጋ ነው።